ሁለት አፍ ያለው ቁስል

ሙሐመድኑር ሦስት ቀን ቆሞ ሠራ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ቆሞ አይሠራም፤ የስፌት መኪና ፔዳል የሚረገጠው ተቀምጠው ነው። እሱ ግን መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሲቆርጥና ቁልፍ ሲተክል ይውላል። የነቀምቴ ገበያ የቆመ ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። በረንዳው ሥር ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ በርጩማዋን እየገፋች «ታኢ፣ ማሎ» ትለዋለች፤ ተቀመጥ እባክህ ማለቷ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ «ኧረ ተቀመጥ፣ ሙሔ» ይለዋል። ሰው እንዲህ ቸር የሚሆነው ቸርነቱ በማይፈለግበት ቀን ነው። እሱም «መቀመጥ ሰልችቶኝ ነው» እያለ ይስቃል።

ሰልችቶት አልነበረም። ከመቀመጫው መሃል፣ ፊንጢጣው አጠገብ፣ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጥታበት ነበር። በማግሥቱ እንቁላል አከለች፤ ጋለች፤ ከልቡ ምት ጋር እኩል ትጠዘጥዘዋለች። ሲያስል እስከ ጥርሱ ይሰማዋል። ሽንት ቤት መሄድ ስለፈራ ምግብ መብላት ተወ። ሱሪውን ጥሎ በሽርጥ መዋል ጀመረ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ሙቀቱ» ይላል፣ በዚያ ዝናብ።

ሆስፒታሉ ሩቅ ሆኖበት አይደለም። ችግሩ ኢልሃም ናት። ሙሐመድኑር የሚሰፋው በሐጂ ሸምሱ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ከከበሩ ነጋዴዎች አንዱ ናቸው፤ ኢልሃም ሁለተኛ ልጃቸው ናት፤ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች። አምስት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ በኩል ክርና ሳቅ ስትሰጠው ኖራ፣ ባለፈው ወር ሽማግሌ ላከ። ሐጂውም «እናጣራና ከአረፋ በኋላ መልሱን እንነግራችኋለን» አሉ። ማጣራት እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ይጠየቃል፣ የሥራ ጓደኛ ይጠየቃል፤ ጠባዩ፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው አንድ በአንድ ይነሳል። የሐጂው የመጀመሪያ ልጅ ነስሪን ደግሞ የሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነርስ ናት። እስቲ ለወደፊት ሚስቱ እህት መቀመጫውን ገልጦ የሚያሳይ ሙሽራ የት ተሰምቶ ያውቃል?

ስለዚህ ለዋለ ነገረው። ዋለ በዚያው በረንዳ፣ ከጎኑ ባለው መኪና የሚሰፋ ጓደኛው ነው፤ ጓደኛ ማለትም ያንሳል። ወላጆቻቸው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን መሆናቸው የሚታወሳቸው በግ ሲታረድ ብቻ ነው። የሙሐመድኑር እናት ስትሞት የዋለ እናት ከልጇ ሳትለይ አሳደገችው። ነቀምቴም የገቡት ሁለት የስፌት መኪና በአንድ ጋሪ ጭነው ነው።

«ምን ሁነህ ነው ግን?» አለው ዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ጋብ ሲል።

ሙሐመድኑር አንገቱን ደፍቶ ነገረው። ሲጨርስ «ዋለ፣ ለማንም እንዳትተነፍስ። መልሱ ሳይመጣ ይኸ ከተሰማ አለቀልኝ» አለው።

«እናቴ ትሙት፣ ከአፌ አይወጣም» አለ ዋለ። ከዚያ ሐኪም ይመስል አገጩን እየዳሰሰ «አብሽር። ይኸ ኪንታሮት ነው። አኖ ከተማ ነቅሎ የሚጥል ሰው አለ» አለው።

እኛ ዘንድ ከኋላ የታመመ ሁሉ ኪንታሮት ይዞታል። ቢደማም ኪንታሮት፣ ቢያሳክክም ኪንታሮት፣ ቢያብጥም ኪንታሮት። ስም ከተገኘለት መድኃኒቱን ማግኘት ቀላል ነው፤ ማፈሩም በዚያው ያጥራል። ሙሐመድኑር ስሙን ሲሰማ ግማሹ ሕመም የለቀቀው መሰለው።

በማግሥቱ በአዲስ አበባው መንገድ አኖ ወረዱ። ሚኒባሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዋለ በትከሻው ደግፎ ከፍ ያደርገዋል። ባህላዊ ሐኪሙ ባቻ የሚባሉ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር ይገባል። የማያውቁት ነገር መኖሩን ብቻ አላወቁም፤ ኪንታሮትን ያውቃሉ፣ የታያቸውም ኪንታሮት ነው። አማርኛ ስለማይሰሙ ዋለ በኦሮምኛ አነጋገራቸው። ከዚያ የተወቀጠ ሥር አምጥተው እብጠቱ ላይ ለጠፉበት።

ሥሩ ቆዳ የሚያቃጥል ነበር። ሙሐመድኑር ጋቢውን ነከሰ፣ አልጋውን ጨበጠ፣ ግድግዳውን ቧጠጠ። መጨረሻ ላይ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ሳለ፣ «እናቴን ጥሩልኝ» ብሎ አለቀሰ። እናቱ ከሞተች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዋለ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ «አለሁ፣ አለሁልህ» እያለ አብሮት አለቀሰ።

በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ፈነዳ። ሽርጡ በመግል ራሰ፤ ሕመሙም ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ባቻ «ሥሩ ወጣ» አሉ፣ ዋለ ተረጎመለት። ያንን የሚሸት ሽርጥ ዋለ ራሱ ቧንቧ ሥር ወስዶ አጠበው፤ አፍንጫውን እንኳን አልያዘም። ሙሐመድኑር ከአልጋው ላይ ሆኖ እያየው ከዚህ በላይ ወንድም የለም ብሎ አሰበ። በሕይወቱ ሰው እንደዚያ ወዶ አያውቅም።

ሲመለሱ ተቀመጠና ሰፋ። የሽንኩርቷ ሴትዮ ሳትቀር ደስ አላት። አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ዐሥር ቀን ደህና ሰነበተ። በዐሥራ አንደኛው ሱሪው ላይ ትንሽ እርጥበት አገኘ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ እያጠፈ መለበድ ጀመረ፤ ዋለ «ቁስል እስኪደርቅ ያዣል» አለው። ቁስሉ ሲደፈን እብጠቱ ይመለሳል፤ ሲያብጥ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ያዣል። በዚያው ሰሞን ሐጂ ሸምሱ ዋለን ወደ ሱቁ ጓዳ ጠሩት። ዋለ ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል።

«ምን አሉህ?» አለው ሙሐመድኑር።

«ስላንተ ነዋ። አመስግኜህ ወጣሁ፣ አታስብ።»

አላሰበም። ለማሰብም ጊዜ አላገኘም፤ በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ መቀስ መያዝ አቅቶት፣ ሞት ከኀፍረት በለጠበትና ባጃጅ ተሳፍሮ ሆስፒታል ሄደ።

ያችው ነስሪን ነበረች። አየችው፣ ካርዱን አየች፣ «ሱሪህን አውልቅና በግራ ጎንህ ተኛ» አለችው፤ ከሱ በፊት ለገቡት ሽማግሌ ባለችበት በዚያው ድምፅ። ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ትዳሩ እዚያች ክፍል ውስጥ ሲያበቃ ጠበቀ።

ሐኪሙ ዶክተር ነመራ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ቶሎ አይናገርም። አደንዝዞ ቀደደውና መግሉን አወጣ፣ አጠበው፣ ቁስሉንም ሳይሰፋ ክፍት ተወው። ለሰፊ ይህ ትልቅ ነውር ነው።

«አይሰፋም እንዴ?» አለ ሙሐመድኑር።

«አይሰፋም። ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ ነው የሚድነው። ለመሆኑ ይህን ቆዳ ምን አቃጠለው?»

ነገረው። ዶክተሩ አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይህ ኪንታሮት አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። ያንተ መግል ነው። ፊንጢጣ ውስጥ፣ ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። አንዷ ስትደፈን ትመረቅዛለች፤ መግሉ ሥጋውን እየሰረሰረ ወደ ቆዳ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብትመጣ ትንሽ ቀደን እናወጣው ነበር። ክኒን ብቻውን አያድነውም፣ ሥር ለጥፎ መጠበቅም አያድነውም።»

«አሁንስ ዳንኩ?»

«መግሉ ወጥቷል። ግን ከውስጥ እስከ ውጭ መንገድ የቀረ ይመስለኛል። ፊስቱላ እንለዋለን። ያው ስሙ በወሊድ ሴቶችን ከሚይዘው ጋር አንድ ነው፤ የሚፈጠርበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በጊዜው የመጣ ሰውም ቢሆን ከሦስቱ አንዱ ይቀርበታል።»

ሙሐመድኑር አሰበ። «እንደ ሱሪ ገመድ ማስገቢያ ነው? በዚህ ገብቶ በዚያ የሚወጣ?»

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ልክ እንደሱ። ሁለት አፍ አለው። የውጪውን አፍ ብትደፍነው በውስጡ በኩል ቆሻሻ እየገባ እንደገና ይሞላል። ለዚህ ነው ሲደፈን የሚያብጥብህ። ቁስሉ ሲረጋ ሌላ ቀዶ ጥገና እናደርግልሃለን።»

ሙሐመድኑር በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይተላለፋል? ልጅስ አያስወልድም ይላሉ። ሌላም ይላሉ።»

«አይተላለፍም። ከመውለድ ጋር ምንም አያገናኘውም። ያን ሌላውንም አውቀዋለሁ፣ ሐሰት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃንን እንኳን ይይዘዋል።»

ሰው ስለ ራሱ አካል በሠላሳ አንድ ዓመቱ መማሩ ያሳዝናል። ሙሐመድኑር ግን ቀለል አለው። ለብ ባለ ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ እየተዘፈዘፈ፣ በየቀኑ ቁስሉን እያስጠረገ ሰነበተ። አረፋ አለፈ። በሦስተኛው ቀን የላካቸው ሽማግሌዎች ቤቱ መጡ፤ ሻይ አልጠጡም። «እህል ውኃችሁ አይደለም ተብሏል» አሉት፤ ምክንያት አልተነገረንም አሉ፣ ዓይኑን ሳያዩ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሲሄድ ቁስሉን ለማስጠረግ አልነበረም። ነስሪን ጓንት እያጠለቀች ነበር።

«ለአባትሽ ነገርሽ» አላት። «አላህ ይይልሽ። ሰው ታሞ የሚመጣው እናንተን አምኖ ነው።»

ነስሪን ጓንቱን አወለቀች። «አባዬ ጠይቆኛል፤ ሁለት ጊዜ» አለች። «ከዚህ ክፍል ያየሁትን እዚሁ ትቼ ነው የምወጣው አልኩት። ተቆጣኝ። በዚህ ምክንያት ካኮረፈኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ደግሞ አስበው፤ አባዬ የጠየቀኝ አንተ እዚህ ከመምጣትህ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ምን አውቄ ምን ልናገር?» አዲስ ጓንት አነሳችና «አሁን ተኛ፣ ቁስሉ ይጠረግ» አለችው።

ተኛ። ማን እንደነገረ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባም፤ ምናልባት ልቡ አላስገባም ብሎ ነው።

ያወራው ማን እንደሆነ ያሳወቀው ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ነጂ ነው። ገቢሳ ይባላል፣ ሙሐመድኑርን አያውቀውም፤ ስሙ ባጃጁ መስታወት ላይ ተጽፏል። ከሆስፒታሉ በር ሲያነሳው በአንድ ጎን መቀመጡን አየና ሳቀ። «አንተም እንደ ሰፊው አደረግኸው» አለ።

«የትኛው ሰፊ?»

«አልሰማህም? ገበያ ውስጥ ያለው ነዋ፣ የሐጂ ልጅ ሊያገባ የነበረው። ቂጡ መግሎ አኖ ሄደ አሉ። እዚያ ሥሩን ሲለጥፉበት» ገቢሳ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ዓይኑን አሸ፣ ድምፁን አቀጠነ፣ «‹እናቴን ጥሩልኝ፣ እናቴን ጥሩልኝ› አለ አሉ። ይኸን የሚያክል ወንድ! ጓደኛው ሲነግረን እኮ በሳቅ ሞትን። አካሄዱን ሲያሳይህ ደግሞ ብታየው።»

ሙሐመድኑር አኖን አሰበ። ባቻ አማርኛ አይሰሙም። ክፍሉ ውስጥ ከዋለ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ገቢሳ መስታወቱ ውስጥ አየውና «ምነው፣ አላሳቀህም?» አለ። «እዚህ አውርደኝ» አለው። ቤቱ ገና ሩቅ ነበር። በእግሩ፣ ሰው እያየው፣ ያንኑ የተቀለደበትን አካሄድ እየሄደ ገባ።

በማግሥቱ በረንዳው ላይ ሲደርስ የዋለ የስፌት መኪና የለም። ወደ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወስዶታል አሉት። ሃያ ምናምን ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ደህና ሁን ሳይል ሄደ። ሙሐመድኑር ያን ዕለት ያልተሰማው ንዴት ነው፤ ንዴት ቢሆን ይሻለው ነበር። አኖ ላይ ያለቀሰለት ሰውና ገበያ ላይ የቀለደበት ሰው አንድ መሆናቸው አልዋጥልህ አለው። የሚያምነው ነገር ሲፈልግ ያጠበለት ሽርጥ ይመጣበታል፤ ከዚያ የገቢሳ ቀጭን ድምፅ ይከተላል።

ነስሪን በሚቀጥለው ቀጠሮ «ፈቃድህ ከሆነ ሕመሙን ለአባዬ እኔው አስረዳለሁ» አለችው። ፈቀደላት፤ የሚደበቅ ነገር ቀርቶ ነው? ሳምንት ቆይታ መልሱን አመጣችለት፣ እየከበዳት።

«አባዬ ሰምቶኛል። ‹ሕመሙን አምኛለሁ፣ አላህ ያሽረው፣ ልጁንም እወደዋለሁ› ብሏል። ‹ግን ሰው ሁሉ ሳቁን አፍኖ የሚበላበት ድንኳን አልጥልም› አለ።»

«ኢልሃምስ?»

«አልቅሳለች» አለች ነስሪን። «አባዬን ግን አልተናገረችውም። እኔ ስናገር እዚያው ነበረች።»

ይህኛው ደግሞ በሌላ በኩል ወጋው። የዶክተሩን ቃል ሁሉ በልቡ ይዞት ነበር፤ ዕጢውን፣ መንገዱን፣ ሁለቱን አፍ። እውነቱን ለሰው ቢያስረዳ ሰው ይገባዋል ብሎ ነበር። ገብቷቸዋል። የገባቸው ሰዎች ደግሞ አልፈለጉትም፤ ለሕመሙ መልስ አለው፣ ለሳቁ ግን ምን ይመልሳል?

ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተደረገ። መንገዱ ሰገራ በሚይዘው ጡንቻ ውስጥ የሚያልፍ ሆነ። ባንድ ጊዜ ቢቀደድ መቆጣጠር ያቅተዋልና ዶክተር ነመራ በመንገዱ ውስጥ ላስቲክ መሰል ክር አሳልፎ ጫፍና ጫፉን አሰረ። ክሩ ለወራት ይቆያል፤ መንገዱን ክፍት ያደርጋል፣ መግሉ እየወጣ ይጠራል፣ ከዚያ ቀሪው ይታያል አለው። «ምን ቁጥር ክር ነው?» ብሎ ጠየቀ ሙሐመድኑር። ዶክተሩ ሳቀ፤ እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ።

በማግሥቱ ከሰዓት ዋለ መጣ። የክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ሙዝ በፌስታል ይዞ፣ ለመግባት ሰው እንዲያዘው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከስቷል። ሙሐመድኑር በጎኑ ተኝቶ አየው፤ ግባም ውጣም አላለውም። ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ።

«ሐጂ በእምነትህ ብለው አስማሉኝ» አለ ዋለ፣ ሰላም ሳይል። «ጤናው እንዴት ነው አሉኝ። ነገ ልጃቸው ብትጎዳ በኔ ነው። ምን ልበላቸው፣ ሙሔ? ምዬ ልዋሽ?»

«እሱን ተወው» አለ ሙሐመድኑር። «የተጠየቀ ይናገራል። ሐጂን አልቀየምኩም፣ ለሳቸው በመናገርህም አልቀየምኩህም። የማታውቀውን ሕመም የምታውቀው አስመስለህ ነገርካቸው፤ እሱንም ትቼዋለሁ። እኔም አላውቅም ነበር።»

ዋለ የተለቀቀ መስሎት ትንፋሹን አወጣ። «ሱቁ ውስጥ የሰሙ ሌሎችም ነበሩ» አለ። «ማታ አንተ ስትሄድ ከበቡኝ። እንዴት ነበር፣ ምን አለ፣ ምን ሆነ ይሉኛል። እዚያ በረንዳ ላይ አምስት ዓመት ስንቀመጥ ሰላም የሚባለው አንተ ነህ፤ ሥራ የሚመጣው ላንተ ነው። እኔን ምን አልክ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ያን ቀን ሁሉም እኔን ያያል። ከዚያ ሌላ ቦታ ጠሩኝ፣ ድገመው አሉኝ።»

«ደገምከው።»

«ደገምኩት።»

ከአጠገቡ ያለው በሽተኛ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሙሐመድኑር ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ፤ አመመው፣ ግን ቀና አለ፣ የሚጠይቀውን ዓይን ለዓይን መጠየቅ ስለፈለገ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለው። «እናቴን የጠራሁትን ስትነግራቸው እነሱ ሳቁ። አንተስ? አብረሃቸው ሳቅህ?»

ዋለ የፌስታሉን ጆሮ ጠመዘዘው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠመዘዘው። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ሙሐመድኑርም እንዲዋሸው ከልቡ ፈልጎ ነበር።

«መጀመሪያ ላይ» አለ ዋለ፣ «መጀመሪያ ላይ አልሳቅኩም።»